ማጣቀሻ ክፍል የመጣው ሰው ምን ፈልጎ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የሚከነክናችሁን ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ደብዳቤው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ከመንዝ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከጣርማበር፣ ከቆላውም ከደጋውም። አብዛኛው የተጻፈው በባልደረቦቼ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ 23 ዓመት በቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ፤ 17ቱን ያሳለፍኩት ማጣቀሻ ክፍል፣ ሰው መረጃ ፈልጎ በሚጠይቅበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የምመልሰውም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ካየሁት ነው።

«የተማርኩት አይሲቲ ነው። በወረዳችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተመድቤ መሥራት ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ክረምት የላቀ የማጣቀሻና የመረጃ አገልግሎት የሚል የ5 ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ስላይድ አየን፣ አበል ተከፈለን፣ ሰርተፊኬት ይዘን ተመለስን። ሥራዬ ግን ያው ነው። ተማሪ ይመጣል፣ መጽሐፍ አወጣለሁ፣ መጽሐፍ አስገባለሁ። አሁን ደግሞ 'አንቺ ሠልጥነሻል' ተብዬ 8 የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን እንዳሠለጥን ታዘዝኩ። ምን ላስተምራቸው? ስላይዱን ልድገመው?»
የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ መሐል ሜዳ

እህቴ፣ ስላይዱን ተዪው። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ወደ ሥልጠናው እንመለሳለን።

ከዓመታት በፊት ነው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ውርጩ ገና አልለቀቀም። ዩኒፎርም የለበሰች የ11ኛ ክፍል ልጅ መጣችና «የባዮሎጂ መጽሐፍ አለ?» አለችኝ። አለ። ተነሥቼ የ11ኛ ክፍሉን አወጣሁላት። ጥግ ላይ ተቀመጠች። ማውጫውን ታያለች፣ ትገልጣለች፣ እንደገና ወደ ማውጫው ትመለሳለች። ደብተሯን አልከፈተችም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መጽሐፉን መልሳ «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። እኔም መዝገቡ ላይ አንድ ተገልጋይ ብዬ ሞላሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ ያንኑ መጽሐፍ ጠየቀች። ያኔ ነው የነቃሁት። «ባለፈው የፈለግሽውን ያገኘሽ አልመሰለኝም። ምን እየፈለግሽ ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜን ይጥለዋል። ለሃጩ ከነካን ይተላለፋል ይላሉ። እማዬ ሳህኑን ለይታበታለች። እውነት ነው?»

ይህች ልጅ ይህን ተሸክማ ነው የመጣችው። እኔ የሰጠኋት ስለ ሴል ክፍሎች የሚያወራ መጽሐፍ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ልጅ ሳህኑ ተለይቶ በላ።

መልሱ ግን እዚያው ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ነበር፤ ከመግቢያው አጠገብ ባለው ሳጥን፣ ለጤና ባለሙያዎች ከተዘጋጁ ጥራዞች መካከል። አብረን አነበብነው። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በለሃጭም፣ በሳህንም። መድኃኒት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ደብተሯን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተችው ያኔ ነው። «ለእማዬ ላንብብላት» ብላ ቃል በቃል ገለበጠችው። ጤና ጣቢያ ሄደው ማንን እንደሚጠይቁም ጻፍኩላት።

እንግዲህ ሥልጠናሽ ከዚህ ይጀምር። ሰው ጠረጴዛችን ጋ ሲደርስ የሚያነሣው ጥያቄ የሆዱ ጥያቄ አይደለም። ሮበርት ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ የሙያችን ሰው በ1968 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ይህን በአራት ደረጃ አስቀምጦታል። መጀመሪያ የሚከነክነን ግን ስም የሌለው ነገር አለ። ቀጥሎ በልባችን እናውቀዋለን፣ ግን ይምታታብናል። ሦስተኛ፣ በቃል ለማስቀመጥ እንችላለን። በመጨረሻ «ይህ ቤተ መጻሕፍት ሊኖረው የሚችለው ምንድን ነው?» ብለን እንገምትና ጥያቄውን በዚያ ልክ እንቆርጠዋለን። «የባዮሎጂ መጽሐፍ አለ?» ማለት ያ የተቆረጠው ነው። የማጣቀሻ ባለሙያ ሥራ ከአራተኛው ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ያን መንገድ የማያውቅ ሰው ኮምፒውተሩ ምን ዘመናዊ ቢሆን፣ የሚያመጣው ያልተፈለገ መጽሐፍ ነው። ፍጥነቱ ብቻ ይጨምራል።

መልሶ መጠየቅ ደግሞ የራሱ ወግ አለው። «ለምን ፈለግኸው?» አትበሉ። በእኛ ሀገር «ለምን» የፖሊስ ቃል ነው፤ ሰውዬው ወዲያው «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» ብሎ ይዘጋል። «እስካሁን የት የት አየህ?» በሉ። «ምን እየሠራህ ሳለህ ነው ይህ የመጣብህ?» በሉ። «ብታገኘው ምን ልታደርግበት ነው?» በሉ። ከተናገረ በኋላ ደግሞ የተናገረውን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት። «እንዲህ ማለትህ ነው አይደል?» ስትዪው ስንቱ «አይ፣ እንደሱ ሳይሆን» ብሎ እውነተኛውን እንደሚያወጣ ታያለሽ።

የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን አደራ። ሰውዬው ሊወጣ ሲል «የፈለግኸውን ሙሉ በሙሉ አገኘህ?» የምትለዋን። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በ1983፣ እንደነሱ አቆጣጠር፣ አንድ ጥናት ተሠራ። ተገልጋይ መስለው ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የገቡ ሰዎች አስቀድሞ መልሱ የታወቀ ጥያቄ እየጠየቁ መልሱን መዘኑት። ሙሉና ትክክል ሆኖ የተገኘው 55 በመቶ ያህሉ ነው። ያ ሁሉ መጽሐፍ ባለበት ሀገር! ልዩነት ያመጣው የመጽሐፉ ብዛት ሳይሆን የባለሙያው አኳኋን ሆኖ ተገኘ፤ ከሁሉም ጎልታ የወጣችው ደግሞ ይህች የመጨረሻ ጥያቄ ናት። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹን አሠለጠኑ። ውጤቱ የጸናው ከሥልጠናው ተመልሰው እርስ በርስ ሲተያዩና ሲተራረሙ በቆዩበት ቤተ መጻሕፍት ነው።

ስለዚህ ሥልጠናሽን እንዲህ ብታደርጊው እመርጣለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለ8ቱም ደውይ። እያንዳንዳቸው ጠረጴዛቸው ላይ የተጠየቁትን 20 ጥያቄ እንዳለ፣ በጠያቂው አፍ፣ በደብተር ይጻፉ። ስም እንዳይጽፉ። መሐል ሜዳ ትንሽ ከተማ ነው፤ «አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ስለ ወንድሟ ሕመም» ብለሽ ብትጽፊ ቤቷ ድረስ ይታወቃል። ጥያቄው ብቻ ይጻፍ። ሲመጡ 160 ጥያቄ ይኖርሻል፤ የሥልጠናሽ መጽሐፍ ያ ነው። በየተራ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጡ። አንዱ ጠያቂ ይሁን፣ በሆዱ እውነተኛውን ጉዳይ ይያዝ። ሌላው መጽሐፍ ሳይነካ፣ ስልክ ሳያወጣ፣ በመጠየቅ ብቻ ይድረስበት። ሦስተኛ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይመዝግብ፦ የት ተቋረጠ? የት ላይ ፊቱን አዞረ? መቼ ስልኩን አየ? የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በዚህ ጨርሺው። ቡና አፍልታችሁ ተነጋገሩበት።

ሁለተኛውን ቀን ለአማርኛ ፍለጋ ስጪው። የውጭ ሥልጠና ይህን አይነግረንም፤ የኛ ሥራ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በኮምፒውተር ካታሎግ፣ በመጻሕፍቱ ማውጫ ላይ፣ ፈልጉ በያቸው። ጸ ወይም ፀ አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ አለ። ሁለት በስድስት 12 አጻጻፍ ነው። ካታሎጉ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ካላየ፣ አንዱን ጽፎ «የለም» ያለ ሠራተኛ ገና አሥራ አንዱን አላየም። ስምም እንደዚሁ ነው። እኛ ሰው የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ የውጭ ማውጫ ደግሞ የአባትን ስም ፊት ያስቀድማል። የኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ሥራ ሲጠፋባችሁ ሁለቱንም ሞክሩ። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። የኛው ሸዋ እንኳ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል።

እግረ መንገዴን፦ «ስለ ሰሜን ሸዋ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ የኛው፣ በአማራ ክልል፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው በኦሮሚያ ክልል፣ ዋና ከተማው ፍቼ። የአንዱን የሕዝብ ቁጥር ለሌላው የሰጠ መመረቂያ ጽሑፍ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ተማሪው ሰነፍ አልነበረም፤ የሰጠው ሰው አልጠየቀውም።

ዓመተ ምሕረቱም ቀልድ አይደለም። የአንኮበር ተማሪ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉበትን ዓመት አንዱ መጽሐፍ ላይ 1841፣ ሌላው ላይ 1834 ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ውሉ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ነው። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ ከፈረንጆቹ ዓመት 7 ይቀነሳል፣ ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ደግሞ 8 ይቀነሳል። ሠልጣኞችሽ ይህን በጣታቸው ሳይሆን በወረቀት 10 ጊዜ ይሥሩት።

የቀረውን ቀን እንደ ጥያቄዎቻችሁ ሁኔታ ተጠቀሙበት። 5 ቀን መሙላት ግዴታ ከሆነ፣ ሦስቱን አሁን፣ አንዱን ከወር በኋላ፣ አንዱን ከሦስት ወር በኋላ አድርጊው ብዬ እመክርሻለሁ። አበሉ ያው ነው፤ ጽሕፈት ቤቱን በዚህ አሳምኚ። በመካከል ሁለት ሁለቱ እየተጠያየቁ ይቆዩ፤ አንዱ የሌላውን ጠረጴዛ በወር አንዴ ሄዶ ግማሽ ቀን ይመልከት። ሰርተፊኬቱን በመጨረሻው ቀን ስጪ።

«በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። አንድ ተማሪ 7 የጥናት ጽሑፎች ዝርዝር ይዞ መጣ። ጸሐፊ፣ ዓመት፣ የመጽሔት ስም፣ ገጽ ሁሉ አለው። ግማሽ ቀን ፈለግሁ፣ አንዱንም አጣሁ። ኋላ ላይ ዝርዝሩን ቻትጂፒቲ እንደሰጠው ነገረኝ። አፈርኩም ተናደድኩም። እንደዚህ ሲመጣ ምን ላድርግ?»
ሸዋ ሮቢት

ያሳፈረህ ነገር አያሳፍርም። የሌለ ነገር ፈልገህ ነው ያጣኸው። ግማሽ ቀን እንዳይወስድብህ ግን መላ አለው።

እነዚህ ፕሮግራሞች ካታሎግ አይደሉም። ከየትኛው ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል እንደሚመጣ ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ዓረፍተ ነገር ይገጥማሉ። ስለዚህ መጽሔቱ በእውነት ያለ ሊሆን ይችላል፣ ጸሐፊውም በእውነት ያለ ሰው፣ ጽሑፉ ግን በዚያ መጽሔት ላይ ጨርሶ ያልወጣ። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር እውነት ይመስላል።

እኔ ጽሑፉን ከመፈለጌ በፊት ቤቱን እፈልጋለሁ። የመጽሔቱን የራሱን ድረ ገጽ እከፍትና የተባለውን ቅጽና ቁጥር ማውጫ አያለሁ። በዚያ ዓመት ያ ቅጽ ከሌለ፣ ወይም በተባለው ገጽ ላይ ሌላ ጽሑፍ ካለ፣ አለቀ። ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ አንዴ እፈልጋለሁ። ዲኦአይ የሚባለው መለያ ቁጥር ካለው፣ በ10 እና በነጥብ የሚጀምረው ማለቴ ነው፣ እሱን አስገብቼ የት እንደሚወስደኝ አያለሁ። ሌላ ጽሑፍ ላይ ከጣለኝ አለቀ። ለአንዱ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ከ7ቱ ሦስቱ እንዲህ ከወደቁ የቀሩትን ከመፈለግ ወደ ተማሪው መመለስ ይሻላል።

ተማሪውን ግን አታሳፍረው። ስለ ምን እየጻፈ እንደሆነ ጠይቀው። ለእኔ እንዲህ ይዞ የመጣው ልጅ ስለ ጓሳ ነበር የሚጽፈው። የመንዝ ሕዝብ ሣሩን በቄሮ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ በስንት ትውልድ ስላቆየው ጓሳ። ርእሱ ወርቅ ነው። ዝርዝሩ ባዶ ነው። ዝርዝሩን ወደ ጎን አድርገን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ክፍት ያደረገውን የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ከፈትን። የጓሳን ስም በላቲን ፊደል በአንድ ኤስ፣ በሁለት ኤስ እየቀያየርን ጻፍን። እውነተኛ ጥናት አገኘ። ያገኘውን ጥናት የመጨረሻ ገጾች ገልጦ የተጠቀሱትን ሥራዎች እንዲከተል አሳየሁት። እሱ ራሱ «ይሄኛውስ አለ ማለት ነው?» እያለ አንድ በአንድ ማጣራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹንም ይዞ ይመጣል።

የእናንተ ኮሌጅ የጤና ወይም የግብርና ትምህርት ካለው ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው የጥናት መጽሔቶች አገልግሎት ላይ መመዝገቡን አጣራ። በውስጡ ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ የሚባሉ አሉ። እንደ ፈረንጆች ከ2002 እና ከ2003 ጀምሮ ለእንደኛ ዓይነት ሀገሮች ተቋማት ብዙ ሺህ መጽሔቶችን በነጻ ይከፍታሉ። የይለፍ ቃሉ በአንድ ኃላፊ መሳቢያ ተቀምጦ ማንም የማያውቅበት ተቋም አጋጥሞኛል። ጠይቅ፤ ምናልባት አላችሁ።

«30 ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ። አንድ አርሶ አደር መጥቶ የመሬት ሕግ አሳየኝ አለኝ። የክልሉን አዋጅ ቁጥር 133/1998 አውጥቼ ሰጠሁት። ኃላፊዬ 'ሕግ ነክ ነገር አትንካ፣ አንተ መጽሐፍ ጠባቂ እንጂ ጠበቃ አይደለህም' ብሎ ተቆጣኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»
ዓለም ከተማ

ጋሼ፣ ለጠየቀ ሰው ሕግ ማሳየት ጥፋት አይደለም። ሕግ የሚታተመው እንዲታወቅ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር በድፍረት ልንገርዎ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሰጡት አዋጅ ተሽሯል። በአማራ ክልል የገጠር መሬትን በተመለከተ 133/1998 በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። በፌዴራል ደረጃም 456/1997 በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። ያ አርሶ አደር አሮጌውን ይዞ ፍርድ ቤት ቢቆም፣ የሚያፍረው እሱ ነው።

ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ የተሻረ ሕግ ልክ እንደ ሕያው ሕግ ተደርድሮ ቆሟል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይንም ብትመለከቱ፣ አዋጅ 377/1996 አሁንም በብዙ ቦታ ይገኛል፤ የሚሠራው ግን 1156/2011 ነው። የላቀ የማጣቀሻ አገልግሎት ሲባል እኔ ከምንም በፊት የሚታየኝ ይሄ ነው፦ መጽሐፉን ከማቀበል በፊት «ይህ ዛሬም ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ። ማጣራቱ ከባድ አይደለም። አዲስ አዋጅ ሲወጣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ስለተሻሩ ሕጎች የሚናገር አንቀጽ ይኖረዋል። የትኛውን እንደሻረ እዚያ ያነባሉ። የፌዴራሉን በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልላችንን በዝክረ ሕግ ይከታተሉ። አሮጌውን ደግሞ አይጣሉት። በቀድሞው ሕግ ዘመን የተደረገ ስጦታና ኪራይ ዛሬ ሙግት ሲነሣበት ያ ሕግ ይፈለጋል። ሽፋኑ ላይ በወፍራም ብዕር በየትኛው አዋጅ ቁጥር እንደተተካ የተጻፈበት ወረቀት ይለጥፉበት። እኔ ቢጫ ወረቀት ነው የምጠቀመው፤ ከሩቅ ይታያል።

ኃላፊዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ወሰን አለው። አንድ ጊዜ ከመንዝ የመጡ አባት በርኖሳቸውን እንደደረቡ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስለ ውርስ የሚለውን አንብቢልኝ» አሉ። ወንበር ሰጠኋቸው። አንቀጹን ቀስ ብዬ አነበብኩ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩ። በሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረውኝ አሉት፤ እንደ ዳዊት እየያዙት ነበር። ከዚያ ቀና ብለው «እንግዲህ ፍርድ ቤት ለኔ ይፈርዳል ማለት ነው?» አሉኝ። ወሰኑ ያ ነው። «አባባ፣ ሕጉ የሚለውን አነበብኩልዎ። የርስዎ ጉዳይ በዚህ ይገባል አይገባም የሚለውን የሚነግርዎ የሕግ ባለሙያ ነው» አልኳቸው። የአዋጁን ቁጥርና አንቀጹን በትልቁ ጻፍኩላቸው። የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የመሬት አስተዳደሩ ቢሮ የት እንደሆነ፣ የትኛው ቀን ባለጉዳይ እንደሚቀበሉ ስልክ ደውዬ አጣራሁ። ወረቀቷን አራት አጥፈው ከበርኖሱ ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ አስገቧት።

ማሳየት፣ ማንበብ፣ የወጣበትን ዓመት መንገር፣ ወደ ባለሙያው መምራት የኛ ሥራ ነው። «ያሸንፋሉ»፣ «ይህን መድኃኒት ይተዉ»፣ «ይክሰሱ» ማለት የኛ አይደለም። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ለኃላፊዎ ያሳዩአቸው፤ ስጋታቸው ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

«መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋል። ኢንተርኔት የለንም። እዚህ ተቀምጦ ስለ ላቀ የመረጃ አገልግሎት ማውራት ቅንጦት አይሆንም?»
ደብረ ሲና

አይሆንም፣ ወንድሜ። ከላይ ካሉት ደብዳቤዎች ስንቱ ኢንተርኔት ፈለገ? ልጅቷን የረዳው ሳጥን ውስጥ ያለ ጥራዝ ነው። አባትየውን የረዳው ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

ሁለት ነገር አሁኑኑ ጀምር። አንደኛ፣ የሰው መዝገብ። በደብተር ላይ በጉዳይ ከፋፍለህ ጻፍ፦ ለከብት በሽታ ማን ይጠየቃል፣ ለልደት ምዝገባ ማን፣ ለጡረታ ማን፣ የትኛው ቢሮ፣ የቢሮው ስልክ ስንት። በየሦስት ወሩ ደውለህ አድስ፤ ኃላፊ ይቀያየራል። ሁለተኛ፣ ዛሬ ያልመለስከውን ጥያቄ አትበትነው። «ሐሙስ ተመለስ፣ አጣርቼ እጠብቅሃለሁ» በልና በእርግጥ አጣራ። ደብረ ብርሃን ላለ ባልደረባ ደውል፤ ለዚህ ነው ያለነው።

ኮምፒውተር ካላችሁ ደግሞ ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዊኪፔዲያን የመሰለ ነገር በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ አንዴ አውርዶ ማምጣት ነው። መብራት ሲመጣ ተማሪው ይጠቀምበታል።

«ባለሙያ አይደለሁም፣ አንባቢ ነኝ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ገለጥኩ። 'መጽሐፍ' የሚለውን ቃል እንኳ አጣሁ! ሠራተኛውም አላገኘልኝም። ገጽ ጎድሎት ይሆን?»
አንኮበር

ገጽ አልጎደለውም። በ1948 የታተመው ይህ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ አይደለም። በአበገደ ነው። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ እያለ ይሄዳል። በለመድነው ተራ ሁለተኛ የሆነው ለ እዚያ ወደ መካከል ይገባል። ይህን ሳይነግሩ መጽሐፉን ለአንባቢ መስጠት ቁልፍ ሳይሰጡ በር ማሳየት ነው፤ ስለዚህ በእኛ ቤት ተራውን በካርቶን ጽፈን ከሽፋኑ ጋር በክር አስረነዋል።

ሌላም አለ። ቃላቱ የተቀመጡት በሥራቸው ነው። «መጽሐፍ»ን በመ አይፈልጉት። ግሱ «ጸሐፈ» ነው፤ ጸ ላይ ይሂዱ። ከግሱ ሥር ዘሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ያገኟቸዋል። ለሠራተኛውም ይህን ገጽ ያሳዩት፤ ቀጥሎ ለሚመጣው አንባቢ ይጠቅመዋል።